ውጫሌ ስንት ነው?



የዛሬውን ታሪክ የምጀምረው በራሴ ኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ ወገን 40 ኩንታል ቀይ ሽንኩርት ገዛሁ። ሻጯ የማውቃት፣ ቤቷ ገብቼ ቡና የጠጣሁባት ሴት ናት። ውላችን አንድ ገጽ ነበር። ዋጋው ተጽፏል፣ ብዛቱ ተጽፏል፣ ቀኑ ተጽፏል። «የመረከቢያ ቦታ» በሚለው መስመር ላይ ግን አንድ ቃል ብቻ ሰፍሯል፦ ውጫሌ።

በቀጠሮው ቀን የሷ መኪና ውጫሌ ደረሰ። እኔ ከሐርጌሳ የላክሁትም መኪና ውጫሌ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱም ሾፌሮች በስልክ «ደርሻለሁ» ይላሉ፤ አንዱ ሌላውን ግን አያየውም። ለካ የሷ መኪና ከኬላው ወዲያ፣ በኢትዮጵያው ቶጎ ውጫሌ ነው። የእኔው ከኬላው ወዲህ፣ በሶማሌላንዱ ዋጃሌ ነው። በመሃላቸው ያለው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው። ነገር ግን በዚያች አጭር መንገድ ላይ ቀረጥ አለ፣ የመውጫ ወረቀት አለ፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ አለ። ይህን ማን ይክፈል? እሷ «ውጫሌ አድርሻለሁ» አለች። እኔ «ውጫሌ አልደረሰልኝም» አልኩ። ሁለታችንም አልዋሸንም። ስንከራከር አራት ቀን አለፈ፤ ሽንኩርት ደግሞ በሸራ ታፍኖ ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም። ግማሹ በሰበሰ። ሽማግሌዎች ገብተው ኪሳራውን ለሁለት አካፈሉን። ከሷ ጋር ሰላምታችን አልተቋረጠም፣ ግን ቡናው ቀረ።

ያኔ አሕመድ ዳጋህ ባለችው ሱቄ ቁጭ ብዬ አንድ ጥያቄ ያዝኩ። ለመሆኑ ውጫሌ ስንት ነው? መልሱን ስፈልግ የሄድኩበት መንገድ ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ። ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ውጫሌ ወሎ ነው

አገር ቤት የተማርን ሁሉ «ውጫሌ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። የውጫሌ ውል፣ አንቀጽ 17፣ ከዚያ ዓድዋ። ድንበር ላይ ስንመላለስም «የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚህ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ራሴ አንድ የሾፌር ረዳት በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ እርግጠኛ አልነበርኩማ።

ልክ አይደለም። ውሉ የተፈረመው ከዚህ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ በኩል በአምባሰል ምድር ነው። ቀኑ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 1889። በኢትዮጵያ በኩል ዐፄ ምኒልክ፣ በጣሊያን በኩል ኮንት ፔትሮ አንቶኔሊ ነበሩ። ቦታውም ይስማ ንጉሥ ይባላል፤ ውሉ የተጠራው ግን በአቅራቢያው ባለችው በውጫሌ ነው።

የእኛ የድንበሩ ስም ሌላ ነው። በአሕመድ ዳጋህ ጎረቤቴ የሆኑ፣ «አዴር» ብዬ የምጠራቸው አንድ ሽማግሌ ምንዛሪ አሉ። እሳቸውን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ቶግ» በሶማልኛ ዝናብ ሲዘንብ የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው አሉኝ። ስለዚህ ቶግ ዋጃሌ ማለት የዋጃሌ ወንዝ እንደማለት ነው። የእኛ የአማርኛ ጆሮ ዋጃሌን ወደሚያውቀው ውጫሌ አስጠግቶት ይመስለኛል። «ቶግ» ደግሞ «ቶጎ» ሆነ፣ አንዳንዱም አሳጥሮ «ቶጎ ጫሌ» ይላል። እንግዲህ በምዕራብ አፍሪካ ካለችው ቶጎም፣ በወሎ ካለችው ውጫሌም ጋር ዝምድና የለውም። ወንዝ ነው።

አንድ ውል፣ ሁለት ቃል

የወሎው ውጫሌ ከእኔ ሽንኩርት ጋር ዝምድና የለውም ብዬ ልተወው ነበር። ነገር ግን የውሉን ታሪክ እንደገና ሳነብ ነገሩ የእኔው ሆኖ አገኘሁት።

ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት፤ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይቻላቸዋል ይላል። ከፈለጉ ማለት ነው። በጣሊያንኛው ግን ንጉሡ በጣሊያን በኩል ለመሥራት ይስማማሉ የሚል ነው፤ ሮማ ይህንን እንደ ግዴታ ቆጠረችው። በዚያው ዓመት ጣሊያን ለአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን በግልጽ ያወቁት ለእንግሊዝና ለጀርመን ነገሥታት ለጻፉት ደብዳቤ «በጣሊያን በኩል ይምጣልን» የሚል ዓይነት መልስ ሲመጣላቸው ነው።

ልብ በሉ። አንድ ስም ነው፦ የውጫሌ ውል። ሁለቱም ወገን ስሙን ሲጠራ ሌላው የሚገባው ነገር የተለየ ነበር። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ከዚያ ጦርነት መጣ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በጥቅምት (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1896) አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሰረዘ፣ ጣሊያንም የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች። የእኔ ጉዳይ ሽንኩርት ነው፣ የእነሱ አገር። መነሻው ግን ተመሳሳይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ሁለቱም ያነባል፣ ትርጉሙን ግን እያንዳንዱ ከራሱ ልብ ያወጣል።

ሁለት ፒርለስ

በንግድ ሥራ ዲፕሎማዬን ስማር የንግድ ሕግ መምህራችን አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነግረውን ነበር። ያኔ ለፈተና ብቻ ሸመደድኩት። እ.ኤ.አ. በ1864 የተፈረደ ነው። አንድ ነጋዴ 125 ቤል የሱራት ጥጥ ለሌላው ሸጠ፤ ጥጡ ከቦምቤይ ወደ ሊቨርፑል «ፒርለስ» በምትባል መርከብ እንዲመጣ ተዋዋሉ። ለካ ከቦምቤይ የሚነሱ ፒርለስ የሚባሉ ሁለት መርከቦች አሉ። አንዷ በኦክቶበር ተነሳች፣ ሌላዋ በዲሴምበር። ገዢው የኦክቶበሯን አስቦ ነበር፤ ሻጩ ጥጡን የጫነው በዲሴምበሯ ላይ ነው። ጥጡ ሲደርስ ገዢው «ይህ የገዛሁት አይደለም» ብሎ አልቀበልም አለ። ፍርድ ቤቱ ለገዢው ፈረደ። ሁለቱ ስለ አንድ መርከብ ስላልተስማሙ የሚያስር ውል አልነበረም ተብሎ እስከዛሬ በሕግ ትምህርት ቤት ይጠቀሳል።

እኛ አገርም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል በሚያወራበት ክፍል ስህተትን ለብቻው ይዞታል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ከ1936 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያወጣቸው ኢንኮተርምስ የሚባሉት ደንቦችም ከእያንዳንዱ ምሕፃረ ቃል ጀርባ ቦታው በስም እንዲጻፍ ያዛሉ። ዓላማው ዕቃው የት ላይ ከሻጭ ወደ ገዢ እንደሚያልፍ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪና ጉዳት የማን እንደሆነ ቁልጭ እንዲል ነው። እኔ ይህን ሁሉ በወረቀት ተምሬ «ውጫሌ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ደንቡ ቦታውን ጻፍ ይላል እንጂ ስሙ ሁለት ቦታ እንዳይሆን አይጠብቅልኝም።

አንዱ ዋጃሌ ለምን ሁለት ሆነ?

መስመሩን ያሰመሩት እዚያ የሚኖሩት ሰዎች አይደሉም። ከዓድዋ በኋላ እንግሊዝ ሬኔል ሮድ የተባለ መልእክተኛ ወደ ምኒልክ ላከች። የንግድና የወዳጅነት ውሉ አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። የሶማሌላንድ ድንበር ጉዳይ ደግሞ ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር በደብዳቤ ልውውጥ ተወሰነ፤ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1897፣ በእኛ ግንቦት 28 ቀን 1889 ዓ.ም.። ስምምነቱ ለከብት አርቢዎቹ በመስመሩ በሁለቱም ወገን ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። የአዲስ አበባው ውል ደግሞ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወስደው የቅፍለት መንገድ ለሁለቱም አገር ንግድ ክፍት እንዲሆን ደንግጓል። የኛ ሥራ በወረቀት ላይ ቢያንስ ያን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

መስመሩ መሬት ላይ በምልክት የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የጋራ ኮሚሽን ነው በ1934 መጨረሻ ወልወል ሲደርስ የጣሊያንን ጦር ያገኘው። ግጭቱ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ሆነ፤ ሙሶሊኒ ለወረራው ሰበብ አደረገው። እንግዲህ እኛ ሰነድ ይዘን የምንሰለፍበት መስመር ታሪኩ እንዲህ ነው። የዋጃሌ ሜዳ አንድ ነበር። መስመሩ ካለፈበት በኋላ ሁለት ከተማ፣ ሁለት ጉምሩክ፣ ሁለት ባንዲራ ሆነ። ስሙ ግን አልተከፈለም፤ ለሁለቱም ቀረ።

ሦስት ሶማሌላንድ

እናቴ አገር ቤት ናት። በሬዲዮ «በሶማሊያ ፍንዳታ ደረሰ» ሲባል ወዲያው ትደውላለች። «አለሽ?» ነው የመጀመሪያ ቃሏ። እኔ ሐርጌሳ ነኝ፣ ፍንዳታው ሞቃዲሾ ነው፤ በመሃላችን ከአዲስ አበባ ሐርጌሳ ካለው የሚበልጥ ርቀት አለ። ስንት ጊዜ ባስረዳትም ለሷ ሶማሌ፣ ሶማሊያ፣ ሶማሌላንድ፣ የእኛው የሶማሌ ክልልም አንድ ናቸው። አልፈርድባትም። የሠለጠኑት መንግሥታትም ከዚህ የተሻለ አልሰየሙም።

እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ በዚህ ቀንድ ላይ ሦስት ሶማሌላንዶች ነበሩ። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ የዛሬዋ ሐርጌሳና በርበራ ያሉበት። የጣሊያን ሶማሌላንድ፣ ሞቃዲሾ ያለችበት። የፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ የዛሬዋ ጅቡቲ። የፈረንሳዩ እስከ 1967 በዚያ ስም ቆይቶ የአፋርና የኢሳ ግዛት ተባለ፤ በ1977 ጅቡቲ ነጻ ወጣች። የእንግሊዙ ጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ወጣ፤ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 1፣ ከቀድሞው የጣሊያን ግዛት ጋር ተዋሕዶ ሶማሊያ ሆነ። በሜይ 18 ቀን 1991 ደግሞ በቀድሞው ድንበሩ ተመልሶ ሶማሌላንድ ነኝ አለ። ከሦስቱ ስሙን ዛሬ የያዘው እሱ ብቻ ነው። ታዲያ በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ሶማሌላንድ» ሲሉ ጅቡቲን ቢያስቡ አትገረሙ፤ ትክክል የነበሩበት ጊዜ ነበረ።

ሐርጌሳ ውስጥም ስም ይደራረባል። አንዱ ሰፈር 26 ጁን ይባላል፤ ቀን ነው፣ ሰፈርም ነው። ሌላው ጋዓን ሊባሕ ነው፤ የአንበሳ እጅ ማለት ነው፤ ከከተማው ርቆ ያለ ተራራም በዚያው ስም ይጠራል። የእኔው ሰፈር አሕመድ ዳጋህ ሰው ይመስላል፤ ዳጋህ ግን በሶማልኛ ድንጋይ ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ «አሕመድ ዳጋህ ጋ ነኝ» ብዬ ስልክ ብዘጋ «ማነው ደግሞ እሱ?» የሚል ጥያቄ ይከተለኛል። ተከትሎኛልም።

ስንት ሽልንግ?

ከሁሉ የሚያስፈራው የገንዘብ ስም ነው፤ የቦታ ስም ሽንኩርት ያበሰብሳል፣ የገንዘብ ስም ቤት ያፈርሳል።

ሽልንግ የእንግሊዝ ስም ነው። በለንደን አንድ ሽልንግ 12 ፔንስ ነበር፣ 20ው ደግሞ አንድ ፓውንድ። በ1971 ቀርቷል። እንግሊዞች ለምሥራቅ አፍሪካ የሠሩት ሽልንግ ግን 100 ሳንቲም ነበር። ስሙ አንድ፣ ዝርዝሩ ሌላ። ኦስትሪያም እስከ ዩሮ ድረስ ሽልንግ ነበራት። ዛሬ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ሶማሊያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽልንግ አላቸው፣ ዋጋቸውም አይገናኝም። በእንግሊዝ ሶማሌላንድ እስከ 1951 የሚሠራው የሕንድ ሩፒ ነበር፤ ከዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ፤ ከውሕደቱ በኋላ በ1962 የሶማሊያ ሽልንግ ሆነ። ኦክቶበር 18 ቀን 1994 የሶማሌላንድ ሽልንግ ሲወጣ አንዱ በ100 የሶማሊያ ሽልንግ ተለወጠ። አዴር ያን ጊዜ ያስታውሳሉ። በዚያ ሰሞን «ሽልንግ» ብሎ ብቻ የተዋዋለ ሰው መቶ እጥፍ ሊያገኝ ወይም መቶ እጥፍ ሊያጣ ይችል ነበር አሉኝ።

የእኛም ብር ከዚህ አያመልጥም። ብር መጀመሪያ ማዕድኑ ነው። ቀጥሎ አያቶቻችን ጠገራ ብር ያሉት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው፤ እሷ በ1780 ሞታ ገንዘቡ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቀይ ባሕር ዙሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ተገበያየበት። ቀጥሎ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ ያስመቱት ብር አለ፤ ነጋዴው ግን ለረጅም ጊዜ ጠገራውን ይመርጥ ነበር። ከጣሊያን መባረር በኋላ በኢትዮጵያም የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲወጣ አንዱ በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ያ ገንዘብ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ እስከ 1976 (እ.ኤ.አ.) «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር። የድሮ ሰነድ ላይ «ዶላር» አይታችሁ የአሜሪካ መስሏችሁ ልባችሁ ቢመታ፣ ቀኑን ተመልከቱ።

ዶላርም ራሱ የተዋሰው ስም ነው። መነሻው ታለር ነው፤ ታለር ደግሞ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ካለ ዮአኪምስታል ከሚባል የብር ማዕድን ሸለቆ ስሙን ወሰደ። «ታል» በጀርመንኛ ሸለቆ ነው። ይህን ለአዴር ስነግራቸው «እንዲያማ ከሆነ ዶላርም ቶግ ነው» አሉና ደብተራቸውን ዘጉ። እሳቸው ዛሬ አብዛኛውን ሒሳብ የሚሠሩት በዛድ ነው፤ ከ2009 ጀምሮ በስልክ የምንላላከው ገንዘብ። በዛድ ስንላላክ ቢያንስ ስክሪኑ ላይ ዶላር ይሁን ሽልንግ ተጽፎ ይታያል፤ በአፍ ስንዋዋል ግን አይታይም።

ሚዛንም እንዲሁ ነበር። ፈረሱላ ለቡና ነጋዴ 17 ኪሎ ነው፤ በዛንዚባር ገበያ በዚያው ስም የሚመዘነው ወደ 16 ኪሎ ይጠጋ ነበር። በአንድ ፈረሱላ አንድ ኪሎ ትንሽ ነው። መቶ ፈረሱላ ሲሆን አንድ ኩንታል ጠፋ ማለት ነው።

አሁን እንዴት እጽፋለሁ

ስሞችን ማንም አይለውጥልንም፤ ወንዙም ቶግ ዋጃሌ፣ ሽልንጉም ሽልንግ ሆኖ ይቀጥላል። እኔ የለወጥኩት ወረቀቴን ነው። ቦታ ስጽፍ አገሩንና ከኬላው የትኛው ወገን እንደሆነ እጨምራለሁ፤ ለምሳሌ «ቶጎ ውጫሌ፣ ኢትዮጵያ ወገን፣ ከጉምሩክ መውጫ በፊት»። ገንዘብ ስጽፍ የማን እንደሆነ እጽፋለሁ። ቀን ስጽፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብዬ እለያለሁ፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ቀልድ አይደለም። ከሁሉ በላይ ወረቀቱን ከመፈረሜ በፊት ለሌላው ወገን በቃሌ እጠይቃለሁ፦ «ይህን ስትዪ የትኛውን ነው?» መጀመሪያ ያሳፍራል፤ የማታምኚኝ መሰለሽ ወይ የሚል አለ። ግን ሁለት መኪና በሁለት ውጫሌ ከመቆም ይሻላል።

ባለፈው ወር ያችን ሻጭ ደወልኩላት። 20 ኩንታል ሽንኩርት ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሽንኩርት ከሌላም አገኝ ነበር። ዋጋ ከተስማማን በኋላ ትንሽ ዝም አለችና «የትኛው ውጫሌ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ዕቃው በሰዓቱ ደረሰ። እኔም እስከ ድንበሩ ሄጄ ነበር፤ ቡናውን እሷ ጋ ጠጣሁ።

እናንተም በአንድ ስም ምክንያት የከሰራችሁበት ወይም የዳናችሁበት ነገር ካለ ጻፉልን፤ በአማርኛም በሶማልኛም ይሁን። የሰፈር ስም፣ የዕቃ ስም፣ የሚዛን ስም። አንዱ የጻፈው ለሌላው አንድ ጭነት ያድናል።